የእናትሽ ጣት፣ የጎረቤት በሬና «ፈንጣጣ» የሚባለው ስም

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን መንዝ ውስጥ በግ ያረባሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት እናቴ አመልካች ጣታቸው ላይ ቀይ እብጠት ወጣባቸው። አሁን አድጎ የባቄላ ፍሬ አክሏል፤ መሐሉ ነጣ ብሏል፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ ውኃ መሰል ነገር ያዥጣል። ትኩሳት የላቸውም፤ ብብታቸው ሥር ግን ንፍፊት አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ አፋቸው የቆሰለ ሁለት ግልገሎችን እየያዙ ወተት ያጠጡ ነበር። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን በሬ መላ ሰውነቱ ጓጎለ። መንደሩ ‹ፈንጣጣ ተመለሰ› ማለት ጀመረ፤ ወንድሜ ደግሞ ስለ ዝንጀሮ ፈንጣጣ በሬዲዮ የሰማውን ጨመረበት። አሁን የእናቴ ሲኒ ተለይቷል፣ ጎረቤት ቡና መጥራት ትቷል። እብጠቱን አፍርጠን መግሉን እናውጣው? የበጎቹ ሥጋና የላሞቹ ወተት ይበላል? ነፍሰ ጡር እህቴስ ቤት መሄድ ትችላለች?»

እህቴ፣ ያሳሰበሽን ከነዝርዝሩ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ግልገሎቹን መጥቀስሽ የነገሩን ግማሽ ፈትቶታል። ከገለጻሽ ተነሥቼ ስናገር፣ የእናትሽ ጣት ላይ የወጣው እኛ የእንስሳት ሐኪሞች ኦርፍ የምንለው፣ ከበግና ከፍየል የአፍ ቁስል የሚጋባ በሽታ ይመስላል። የጥንቱ ፈንጣጣ አይደለም። የጎረቤት በሬ የታመመው ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ከእናትሽ ጣት ጋር የሚያገናኘው የሩቅ ዝምድና ብቻ ነው። ጣቱን አታፍርጡት።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ጣቱንም በዓይኔ አላየሁም። በገጠራችን ከእንስሳ ወደ ሰው እጅ ከሚጋቡ ቁስሎች ሁሉ የምፈራው አባ ሰንጋን ነው። የአባ ሰንጋ ቁስል እንደ ትንኝ ንክሻ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውኃ ይቋጥርና መሐሉ ከሰል የመሰለ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ቁስሉ ራሱ አያምም፤ ዙሪያው ግን አለመጠን ያብጣል። ስለዚህ እናትሽን ጠይቂያቸው፦ ባለፈው አንድ ወር ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የወጣው በግ ወይም ከብት ነበረ? ገፈውታል? ሥጋውን አርደው ተከፋፍለዋል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ወይም መሐሉ ከጠቆረ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አባ ሰንጋ በጊዜ ከተደረሰበት በታወቁ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይድናል፤ ከዘገየ ግን ይገድላል። መልሱ «አይ» ከሆነም ጣታቸውን ለጤና ባለሙያ ማሳየታቸው አይቅር፤ ስለ ግልገሎቹም ሳይጠየቁ ይናገሩ። ታካሚው ስለ እንስሳቱ ካልተናገረ የጤና ባለሙያው አይጠይቅም፤ ባለሙያው ካልጠየቀ ደግሞ በሽታው ስሙን አያገኝም።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። ተማሪ እያለሁ ለልምምድ በወጣሁበት ወረዳ ያለ ጓንት የግልገሎችን አፍ ስከፍት ውዬ በሳምንቱ አውራ ጣቴ ላይ ልክ እንደ እናትሽ ያለ እብጠት ወጣብኝ። ያየኝ ባለሙያ መግል የቋጠረ መስሎት በምላጭ ቀደደው። መግል ግን አልነበረውም። ኦርፍ ሲያዩት መግል የያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያበጠ ሥጋ ነው። ከቀዳዳው የወጣው ደም ብቻ ነበር፤ ቁስሉም ባክቴሪያ ገባበትና በስድስት ሳምንት የሚድነው ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጠባሳው አሁንም አለ። ስለዚህ «እናፍርጠው?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም።

ኦርፍ በሰው ላይ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። የታመመውን ግልገል ከነኩ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ቀላ ያለ እብጠት ይወጣል። ቀጥሎ መሐሉ ነጥቶ ዙሪያው ይቀላል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ያዥጣል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ በመጨረሻም ቅርፊቱ ይረግፋል። ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። እናትሽ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ናቸው፤ ማዥጣቱ የሚጠበቅ ነው። ብብት ሥር ያለው ንፍፊትም ሰውነት እየተከላከለ መሆኑን ያሳያል። እስከዚያው ጣቱን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ አድርቆ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚያስፈልገው ቁስሉ በባክቴሪያ ሲበከል ነው፤ ያን ጊዜ መቅላቱ ወደ ክንድ ይወጣል፣ ሕመሙ ይጨምራል፣ ትኩሳት ይመጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሁለቱም እጆች ክብ ክብ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የሰውነት መቆጣት ነው፣ ይድናል፤ ሐኪም ግን ይየው። የተዳከመ የመከላከል አቅም ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ሕክምና ያልጀመረ የኤች አይ ቪ ታማሚ፣ ከተያዘ ግን እብጠቱ በጣም ሊገዝፍና ሊቆይ ስለሚችል ቤት ሆኖ መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። መንደሩን ያሸበረው ጣቱ ሳይሆን «ፈንጣጣ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በአማርኛ አንዱን ስም ለሰውም፣ ለበግም፣ ለዶሮም፣ ለግመልም በሽታ እንሰጠዋለን። ስያሜው ከሥሩ ስህተት የለበትም፤ በሽታዎቹ በእርግጥ የአንድ ትልቅ የቫይረስ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ቫይረሶች ከሌሎች ቫይረሶች ጋር ሲነጻጸሩ ግዙፎች ናቸው፤ ቅርጻቸው እንደ ጡብ ወይም እንደ እንቁላል ነው፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ለመታየት ጥቂት ብቻ ነው የሚቀራቸው። የዘር መረጃቸው እንደ እኛው ዲኤንኤ ነው። ነገር ግን ዲኤንኤ ያላቸው አብዛኞቹ ቫይረሶች ወደ ሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) ገብተው የሴሉን መሣሪያ ሲጠቀሙ፣ እነዚህ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ይመጡና እዚያው ከኒውክለሱ ውጪ ፋብሪካቸውን ይከፍታሉ። ከብዙ ጂኖቻቸው ከፊሉ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ማታለያ ነው። ማታለያው ለአንድ የእንስሳ ዝርያ የተለካ ስለሆነ፣ በግን የሚያታልለው ሰው ላይ ሊከሽፍ ይችላል። አንዱ ቫይረስ ከዝርያ ዝርያ ሲዘል ሌላው ከአንድ እንስሳ የማይወጣበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። (ሕፃናት ላይ የሚወጣው ጉድፍ ግን የዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ከአልማዝ ባለጭራ ጋር አንድ የሆነ፣ የሌላ ቤተሰብ ቫይረስ ነው።)

የቤተሰቡን ቅርንጫፎች ካወቅሽ የመንደራችሁ ጭንቀት በየቦታው ይደለደላል። አንደኛው ቅርንጫፍ ኦርፍንና የላሞችን የጡት ጫፍ ቁስል ይይዛል። የሚያልቡ ሰዎች ጣት ላይ አልፎ አልፎ የሚወጣው ሰማያዊ ወደ ቀይ ያደላ እብጠት ከዚህኛው ነው፤ እሱም እንደ ኦርፍ ራሱ ይድናል። ሁለተኛው የበግ ፈንጣጣን፣ የፍየል ፈንጣጣንና የከብት የቆዳ እብጠት በሽታን የያዘው ቅርንጫፍ ነው። ይህ ሰውን አይዝም። ሦስተኛው የአእዋፍ ነው፤ እሱም ሰውን አይዝም። አራተኛው፣ ታሪኩ ከሁሉም የከበደው፣ የሰው ፈንጣጣን፣ የዝንጀሮ ፈንጣጣን፣ የግመል ፈንጣጣንና የላም ፈንጣጣን አንድ ላይ የያዘ ነው። የእናትሽ ጣት ከአንደኛው ነው፤ የጎረቤታችሁ በሬ ከሁለተኛው። ወሬው ግን ሁለቱንም ወስዶ አራተኛው ውስጥ ከተታቸው።

ይህ አራተኛው በአገራችን ያደረሰውን አዛውንቶች ስለሚያስታውሱ ፍርሃቱን አልንቀውም። ዓለም አቀፉ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱ በዓለም ላይ በሽታው ከበረታባቸው አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። እኛ ዘንድ የተስፋፋው ዓይነት ከመቶ ሕመምተኞች አንድ ያህሉን የሚገድለው ቀለል ያለው ነበር፤ እስያን ያጠቃው ከመቶው ሠላሳውን ይገድል ነበር። ክትባት ሰጪዎች በእግርና በበቅሎ፣ ቆይቶም በሄሊኮፕተር እየዞሩ፣ ጫፏ ሁለት በሆነች መርፌ ክንድ እየወጉ ተራራና በረሃ አዳረሱ። ዘመቻው ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጣም በኋላ ቢሆን፣ በየአገሩ የባህል ከታቢዎች ነበሩ፤ ከታመመ ሰው ቅርፊት ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጫር አድርገው ያኖሩበታል። አብዛኛውን ሰው ከከባዱ ሕመም ያድነው ነበር፤ አንዳንዴ ግን በሽታውን እንደ አዲስ ያቀጣጥለዋል። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዲሞ በምትባል መንደር የአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ ተመዘገበ። ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ ሶማሊያ መርካ ከተማ ውስጥ ዓሊ ማው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው በዓለም የመጨረሻው ሰው ሆነ። እሱም ዳነ። የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን ያወጀው በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቫይረሱ በይፋ የሚገኘው በሁለት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነው፤ አንዱ አሜሪካ አትላንታ፣ ሌላው ሩሲያ ኮልትሶቮ።

ፈንጣጣን ማጥፋት የተቻለው ክትባቱ ጥሩ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ከሰው በቀር ማደሪያ አልነበረውም። ከሰው ሲባረር የሚሸሸግበት ዋሻ፣ የሚያስጠጋው አይጥ ወይም በግ አጣ። ስለዚህ ከበግ ሊመለስ አይችልም፤ በግ ዘንድ ከመጀመሪያውም አልነበረምና። ይህን ለመንደሩ ሽማግሌዎች ንገሪያቸው። ምልክቱም ሌላ ነው፦ ፈንጣጣ በከባድ ትኩሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ፊትን፣ ክንድንና እግርን፣ መዳፍንና የእግርን ውስጥ ሳይቀር ይሸፍናል፤ ፍንጣቂዎቹ ሁሉ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይደርቃሉ። ያለ ትኩሳት አንድ ጣት ላይ ብቻውን ተቀምጦ አይቀርም።

እናትሽ በ1960ዎቹ ልጅ ከነበሩ ክንዳቸው ላይ የዚያ ዘመቻ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። «ያኔ ተከትቤያለሁና ይህ እንዴት ያዘኝ?» ቢሉሽ አትገረሚ። የፈንጣጣ ክትባት የሚከላከለው የራሱን ቅርንጫፍ ነው፤ ኦርፍን አይመለከተውም። በነገራችን ላይ ክትባት የሚባለው ነገር ራሱ የጀመረው ከአላቢ እጅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የላም ፈንጣጣ ከያዛት አላቢ እጅ ፈሳሽ ወስዶ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም በኋላ በሰው ፈንጣጣ ሲፈተን አልያዘውም። ከከብት የተጋባ የእጅ ቁስል የሰው ልጅን ከትልቁ ገዳይ አዳነ ማለት ነው። ያ የላም ፈንጣጣ የአውሮፓና የምዕራብ እስያ በሽታ ነው፤ ዋና ማደሪያውም ላም ሳትሆን አይጥና መሰሎቿ ናቸው።

ወንድምሽ የሰማው የዝንጀሮ ፈንጣጣ፣ አሁን ኤምፖክስ የሚባለው፣ ቁም ነገር ስለሆነ ችላ አልለውም። ስሙ ያሳስታል። ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ በቤተ ሙከራ ዝንጀሮዎች ላይ ስለሆነ እንዲያ ተባለ እንጂ፣ በጫካ የሚያኖሩት ሽኮኮ መሰል እንስሳትና አይጦች ናቸው። በሰው ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በአንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከጫካ ዳር መንደሮች ብዙም አልወጣም። የፈንጣጣ ክትባት ከቆመ በኋላ የተወለደው ትውልድ እየበዛ ሲሄድ የሚያገደው አጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለምን ዞረ፤ በ2023 በምሥራቅ ኮንጎ ከሰው ሰው በቀላሉ የሚተላለፍ አዲስ ዓይነት ብቅ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን ጤና ሚኒስቴር ያስታወቀው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገኘውም በሞያሌ በአንድ ጨቅላ ሕፃን ላይ ነው።

ስለዚህ የወንድምሽ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ንፍፊት ኤምፖክስም ያመጣል፤ በንፍፊት ብቻ መለየት አይቻልም። የሚለየው ሌላው ነው። ኤምፖክስ የሚጋባው በአብዛኛው ከታመመ ሰው ጋር በቆዳ ንክኪ፣ አንድ አልጋ በመጋራት ወይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመምና ድካም አብረውት ይመጣሉ፤ ቁስሉም በአብዛኛው ብዙ ቦታ ይወጣል። በግም ሆነ ከብት የቫይረሱ ማደሪያ ሆኖ አልተገኘም። እናትሽ ሽፍታ ያለበት ሰው ካላስታመሙና ቁስሉ የተነካካው ጣት ላይ ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ኦርፍ ያጋድላል። አዲስ ቁስል ፊት፣ አፍ ውስጥ ወይም ብልት አካባቢ ቢወጣና ትኩሳት ቢከተለው ግን ናሙና መወሰድ አለበት። የደረቀውን ቅርፊት በዲኤንኤ ምርመራ ማየት ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል።

አሁን ወደ ራሴ ታካሚዎች ልመለስ። ስለ ሰው ሲወራ በሬው ተረሳ፤ ባለቤቱ ግን ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው እገምታለሁ። ለአራሽ የበሬ መታመም የዓመት እህል ማጣት ነው።

ባለሙያዎች ላምፒ ስኪን የምንለው ይህ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 በዛሬዋ ዛምቢያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያልደረሰበት ክልል የለም ማለት ይቻላል። ከአፍሪካ ወጥቶም በመካከለኛው ምሥራቅ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2015 አውሮፓ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ደቡብና ምሥራቅ እስያ ገባ። ከብቱን መጀመሪያ ከባድ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያዥጣሉ፣ ከትከሻው ፊትና ከጉልበቱ በላይ ያሉት ንፍፊቶች በእጅ የሚጨበጡ ይሆናሉ። ከዚያ ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጠንካራ እብጠቶች በመላ ሰውነቱ ይወጣሉ። በጣት ስትጫኛቸው ቆዳው ላይ ብቻ ያሉ አይደሉም፤ ወደ ውስጥ ሥር ሰደዋል። የአንዳንዱ መሐል ይሞትና እንደ ቡሽ ተነቅሎ ጉድጓድ ይተዋል፤ ቆዳው ከዚያ ወዲያ ገበያ አያወጣም። ላሟ ወተቷ ይነጥፋል፣ ልትጨነግፍም ትችላለች፤ በሬው እግሩና ፍርምባው አብጦ ቀንበር አይሸከምም። የሚሞተው በአብዛኛው ከመቶ ከአምስት አይበልጥም። የዳነውም ግን ለወራት ሥጋው አይመለስለትም። ከውጭ ዝርያ የተዳቀሉ ላሞች ከአገሬው ከብት ይልቅ ይጎዳሉ።

በዋናነት የሚያዛምቱት ደም የሚመጥጡ ተናካሽ ዝንቦች፣ ቢምቢዎችና መዥገሮች ናቸው። ዝንቡ ከታመመው ከብት ቆዳ ቫይረሱን በአፉ ጫፍ ይዞ ወደ ጤነኛው ያሸጋግረዋል፤ መርፌ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ለዚህም ነው ክረምቱ ሲወጣ፣ ዝንቡ ሲበዛ፣ በሽታው የሚነሣው። አሁን የማዝንበትን ልናገር። አንዳንድ ቦታ በሽታው መንደር ከገባ በኋላ ክትባት ይመጣና በአንድ መርፌ ሃምሳ ከብት ይወጋል። ያ መርፌ የዝንቡን ሥራ ከዝንቡ አብልጦ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ከብት አዲስ መርፌ ይጠየቅ፤ ካልተገኘም ቢያንስ መርፌው በየመሐሉ ይቀቀል። ክትባቱ መሰጠት ያለበት ዝንቡ ከመብዛቱ አስቀድሞ፣ በየዓመቱ፣ በመንደሩ ላሉ ከብቶች ሁሉ ነው።

አርሶ አደሮች «ተከትቦ እንዴት ታመመ?» ብለው ሲጠይቁኝ ውሸታም አልላቸውም። ለረጅም ጊዜ አገራችን ስትጠቀምበት የቆየችው ከኬንያ በጎችና ፍየሎች ከተገኘ ቫይረስ የተሠራ ክትባት ነበር። በእኛው አገር በተደረገ ሙከራ ይህ ክትባት ከብትን በሚገባ ሳይከላከል ቀርቷል፤ ከፍየል ፈንጣጣ የተሠራ ሌላ ክትባት ግን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አርሶ አደሩ ያየው ትክክል ነበር። ታዲያ ክትባት ይቅር ማለት አይደለም፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ማምረቻ የትኛውን ዓይነት እየሰጠ እንደሆነ፣ ክትባቱም ከማምረቻው እስከ መንዝ ድረስ በቅዝቃዜ መድረሱን የወረዳውን ባለሙያ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ክትባት ውኃ ነው።

የታመመውን በሬ ለብቻው ያቁሙት፣ ወደ ወንዝና ወደ ገበያ አይንዱት። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ቁስሉ በባክቴሪያ እንዳይበከል፣ ዝንብም እንዳይጥልበት ማከም ግን ብዙ ከብት ያድናል።

ስለ ግልገሎቻችሁ ደግሞ አንድ መለያ ልስጥሽ። የአፍ ቁስሉ ከንፈርና አፍንጫ ዙሪያ ብቻ ከሆነ፣ ቅርፊቱ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ ከሆነ፣ እናቶቹም ጡታቸው ጫፍ ላይ ከቆሰሉ ኦርፍ ነው። ከላታቸው ሥር፣ ብብታቸውና ጭናቸው ውስጥ፣ ዓይናቸው ዙሪያ እብጠት ከወጣ፣ ትኩሳትና ሳል ካለ፣ ትልልቆቹም የሚታመሙ ከሆነ ግን የበግ ፈንጣጣ ነው። እሱ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ ግልገል ይጨርሳል። በአፋጣኝ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ ይነገር፤ ናሙናው ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

በኦርፍ የሚሞት ግልገል ቫይረሱ ስለገደለው ሳይሆን ስለተራበ ነው። አፉ ስለቆሰለ አይጠባም፤ እናቱም ጡቷ ስለቆሰለ ትሸሸዋለች። ስለዚህ እናትሽ ሲያደርጉ የነበረው፣ ወተት በእጅ ማጠጣቱ፣ ትክክለኛው ሕክምና ነው። የጎደለው ጓንት ብቻ ነበር፤ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ቅርፊቱን እየላጡ ጨው መቀባት ግን ይቅር፤ ግልገሉን ያሠቃያል፣ ቅርፊቱም ጉሮኖው ውስጥ ይረግፋል። በደረቅና ጥላ ቦታ የረገፈ ቅርፊት ውስጥ ቫይረሱ ለወራት ይኖራል። ጉሮኖው ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠል፣ ዕቃው በበረኪና ይታጠብ፤ እሾሃማ ድርቆሽ የግልገሎቹን ከንፈር ስለሚያቆስልና ለቫይረሱ በር ስለሚከፍት ለጊዜው ይቅርባቸው።

ዶሮዎች ካሏችሁ፣ ኩክኔያቸው ላይ የሚወጣው ጥቁር ቅርፊት የራሳቸው ፈንጣጣ ነው። ቢምቢ ያስተላልፈዋል፣ ክንፍ ላይ የሚወጋ ክትባት አለው፣ ሰውን አይነካም። ይህን የሚያነቡ የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና ግመል አርቢዎች ግን ትንሽ ይጠንቀቁ። የግመል ፈንጣጣ በዘር ለጠፋው የሰው ፈንጣጣ እጅግ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት የግመል ጠባቂዎች እጅና ጣታቸው ላይ መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጧል። የቆሰለ ግመል የሚያልብ ሰው እጁ ላይ ስንጥቅ ካለ ይሸፍነው።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ልመልስ። በላምፒ ስኪንም ሆነ በበግ ፈንጣጣ ከታመመ እንስሳ የሚገኝ ወተት ወይም ሥጋ በሽታውን ወደ ሰው አያመጣም። ይሁንና ወተት ሁልጊዜ ይፈላ፤ የምፈራው ፈንጣጣን ሳይሆን ጥሬ ወተት የሚያመጣቸውን ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ (ከብትን የሚያስጨነግፍ፣ ወደ ሰውም የሚጋባ በሽታ) ነው። ላሟ መድኃኒት ከተወጋች ባለሙያው የሚነግራችሁ የቀናት ገደብ እስኪያልፍ ወተቷ ለሰው አይቅረብ። ኦርፍ የያዘው በግ ሥጋውም ይበላል፤ አደጋው ያለው በማረድና ጭንቅላቱን በመግፈፍ ላይ ነው። በግ በብዛት ከሚታረድባቸው በዓላት በኋላ ኦርፍ በአራጆች እጅ ላይ መታየቱ በብዙ አገር የታወቀ ነው። አፉ የቆሰለውን በግ ለበዓል ባታርዱት እመርጣለሁ፤ ከታረደም አራጁ እጁ ላይ ቁስል የሌለበት ይሁን። ድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ እንስሳ ግን በምንም ምክንያት አይበላ፤ ከላይ የጠቀስኩት አባ ሰንጋ አለና።

እህትሽ ወደ ቤት ትሂድ። ኦርፍ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ነው። ነፍሰ ጡር እንደመሆኗ ጉሮኖ ባትገባ፣ የታመሙትን ግልገሎች ባትይዝ፣ የእናትሽንም ቁስል ጨርቅ እሷ ባትቀይር ይሻላል።

እናትሽ ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ ሊጥ ባያቦኩና ሕፃን ባያጥቡ ጥሩ ነው፤ ፎጣቸውም ለብቻ ይሁን። ሲኒው ግን ምንም አላደረገም። ኦርፍ በቡና ሲኒ አይተላለፍም። ወደ መንዝ ስትደውዪ መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው፤ ጎረቤቶቹን ጠርተው፣ ጣታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ረከቦቱ ዘንድ በቦታቸው ይቀመጡ።